አርባ አንድ ሺህ ፊርማ

ወይዘሮ ይመኙሻል ዕጣው የወጣላት ማክሰኞ ዕለት፣ ሥራዋ ላይ ሳለች ነበር። በጆሮዋ አንድ የመርሐቤቴ ሽማግሌ እየሞቱ ስለነበር ማስታወቂያውን ቶሎ አላየችውም። ሽማግሌው ካረፉ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል፤ የምትሰማው የተቀዳውን ድምፃቸውን ነው። ቢሆንም ደንቡ ቅጂን አቋርጦ ወደ ሌላ ነገር መሄድን ይከለክላል፤ እሷም ብትሆን ሰው ነፍሱ እየወጣ በሌላ ጉዳይ መጠመድን እንደ ነውር ትቆጥረዋለች። እስኪጨርሱ ጠበቀች፤ ፈረመች፤ ከዚያ በኋላ ነው ደብዳቤውን የከፈተችው።

የአምቡላንስ አገልግሎቶች ጥምረት አዲስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሊቀጥር ነው ይላል ደብዳቤው። መራጩ ኮሚቴ አምስት ሰው አለው፤ አራቱ ከአባል ድርጅቶች ይመጣሉ፣ አምስተኛው ከአድማጮች መካከል በዕጣ ይወጣል። ዕጣው ለእርስዎ ወጥቷልና ሐሙስና ዓርብ አዲስ አበባ ይገኙ።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ወርሐ ኅዳር ነው። ይመኙሻል ደብረ ብርሃን በሚገኘው የአድማጮች ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ያኔ ሰው ሁሉ በመታወቂያው ላይ ከአንድ እስከ መቶ የሚደርስ ልክ ነበረው። ዕድሜው፣ ሕመሙና ቤቱ ከመንገድ ያለው ርቀት ተደምሮ፣ አምቡላንስ ቢላክለት በሕይወት ቆይቶ የማግኘቱ ዕድል ነው ልክ የሚባለው። ልኩ ሃያ አምስትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሲደውል መኪና ይሄዳል። ከሃያ አምስት በታች ለሆነው መኪና አይሄድም፤ አጽናኙ ይመደብለታል። አጽናኙ የማሽን ድምፅ ብቻ ነው። በደዋዩ አገር ዘዬ እየተናገረ፣ በስሙ እየጠራው፣ ትንፋሹ እስኪቆም ድረስ ከመስመሩ አይወርድም። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። ቤተሰቦች የምስጋና ደብዳቤ ይጽፉለታል፤ በበዓል ቀን ደውለው እንኳን አደረሰህ የሚሉትም አሉ።

ለማን መኪና፣ ለማን አጽናኝ እንደሚሄድ የሚለየው መዛኙ የሚባለው ኮምፒውተር ነው። መዛኙ የሚሠራበትን ደንብ የሚያወጣው ደግሞ ጥምረቱ ነው። ጥምረቱ የራሱ የሆነ አንድም መኪና የለውም። ያለው ደንብ ነው።

የአድማጮች ሥራ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። መኪና ያልተላከለትን ሰው ቅጂ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሕያው ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቶ መፈረም አለበት። በቀን ስድስት ሰው ይደርሳታል። ከፊርማው ሥር «አስተያየት» የሚል ሣጥን አለ። ሲሠለጥኑ ለድምፅ ጉድለት ነው ተብለው ስለነበር ስድስቱም አድማጮች በሣጥኑ ላይ የሚጽፉት «ይቆራረጣል»፣ «ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚመታ አይሰማም» የመሰለ ነገር ነው። ይመኙሻል በአንዱ ቅጂና በሌላው መካከል አቡነ ዘበሰማያትን በልቧ ትደግማለች። የሥራ ተቆጣጣሪው ይህን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ባዶ ሠላሳ ሰከንድ» እያለ ይመዘግብባት ነበር። በኋላ ግን ስሕተቷ ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑን አይቶ ለሁሉም ደንብ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ስድስቱም፣ የሚጸልየውም የማይጸልየውም፣ በየሰዉ መካከል ሠላሳ ሰከንድ ዝም ይላል።

ባል ሞቶባታል፤ ልጅ የላትም። ያለቻት አንድ ታላቅ እህት ናት፣ እታፈራሁ፣ ከአንኮበር በታች አሊዩ አምባ የምትኖር፣ ልቧ የደከመ። የእታፈራሁ ልክ ሃያ ስምንት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ካዛንቺስ፣ ጥምረቱ ባለበት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው አቶ ፍሥሐጽዮን የግል አምቡላንሶች ወኪል ናቸው፤ ዘለግ ያሉ፣ ለሴት ወንበር ስበው የሚያስቀምጡ ጨዋ ሰው። ከይመኙሻል ጎን የተቀመጡት አቶ ቱሉ ደግሞ የሾፌሮቹ ወኪል ናቸው። መኪናው ራሱን መንዳት ከጀመረ ቆይቷል፤ ሾፌር ግን አልቀረም፤ በሽተኛ ከአልጋው አንሥቶ ቁልቁለት የሚያወርድ ክንድ ገና አልተፈለሰፈም። የቀሩት ሁለቱ የመንግሥት አምቡላንሶች ተወካዮች ነበሩ፤ ሰብሳቢው ያሉትን የሚያጸኑ፣ ዝምተኞች።

ለቦታው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አመልክቷል። መዛኙ ሁሉንም በአራት ደቂቃ መርምሮ ሁለት አስቀርቷል። ለተጣሉት ለሁለት መቶ አሥሩ ለእያንዳንዳቸው አጽናኙ ደውሎላቸዋል። አቶ ቱሉ ይህን ሲሰሙ፣ ምነው ለቅሶ ሳንደርስ ተቀበሩ ብለው አሳቁ። ሰብሳቢውም አብረው ሳቁና ወደ ደንቡ ገቡ። አምስቱም ፊርማ እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ካልተሟላ፣ ወንበሩን በተጠባባቂነት የሚይዘው መዛኙ ራሱ ነው።

«አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ተጠባባቂው ከተቀመጠ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው» አሉ አቶ ቱሉ። «እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አሞኛል ብሎ አልቀረም።»

ዕጩዎቹ ኢንጂነር ናኦድ ክንፈሚካኤልና ሲስተር ዘምዘም ይማም ነበሩ። ናኦድ መዛኙን ከሠሩት አንዱ ነው። ዕቅዱ አንድ መሥመር ነው፤ ወሰኑን ከሃያ አምስት ወደ ሠላሳ ከፍ ማድረግ። የሚተርፈው መኪና ሊተርፍ ለሚችል ሰው ይሄዳል፤ በዓመት ከሚድኑት ላይ አራት ሺህ ይጨመራል። ዘምዘም የደሴ ነርስ ነበረች፤ በኋላ የቀጣናው ኃላፊ ሆናለች። የእሷ ዕቅድ ደግሞ ወሰኑን ጨርሶ ማንሣት ነው።

ይመኙሻል ይህን እንዳነበበች ተነሥታ ቆመች። እህቷ ሃያ ስምንት መሆኗን፣ ስለዚህ ፍርዷ ንጹሕ ላይሆን እንደሚችል፣ ካሉ በቦታዋ ሌላ ዕጣ ይውጣ ብላ ተናገረች። አቶ ፍሥሐጽዮን በአክብሮት ሰሟት።

«ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ከዚህ ክፍል ዝቅተኛ ልክ ያለው ሰው የሌለው ማን አለ? የኔ እናት አሥራ ሁለት ናቸው። እሑድ እሑድ እየሄድኩ ነው የማያቸው። ይቀመጡ ግድ የለም።»

ተቀመጠች። የናኦድን ሰነድ ስትገልጥ በሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ቁጥር ተጽፎ አገኘች። የአድማጮች ስምምነት፣ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ።

ስምምነት ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሰብሳቢው በትዕግሥት አስረዷት። ወሰኑን ከፍ ለማድረግ የሚመጣ ዕጩ፣ እስከ ዛሬ የተሠራበት ወሰን ልክ እንደነበር ከዘጠና በላይ በሆነ የአድማጮች ስምምነት ማሳየት አለበት። አድማጭ ሰምቶ፣ ተቃውሞ ሳይጽፍ ከፈረመ ተስማምቷል። ሩብ ሚሊዮን ፊርማ አለ፤ ተቃውሞ ተብሎ የተቆጠረው ከመቶ አንድ ቢሆን ነው።

«ተቃውሞ የሚጻፈው የት ነው?» አለች።

«ከፊርማው ሥር፣ ሣጥኑ ላይ።»

 ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ፊርማዋ ለሟቹ የሚቆም ምስክር ይመስላት ነበር፤ ይህ ሰው ብቻውን አልሞተም፣ እኔ ነበርኩ የምትልበት። በየዓመቱ እየቆጠረች ለራሷ ትይዘዋለች፤ አርባ አንድ ሺህ ደርሷል። ለካ በዚህኛው ሕንፃ ፊርማዋ ሲቆጠር የኖረው ደግ ተደርጓል ተብሎ ነው።

ከስብሰባው ወጥታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ኡራኤል ሄደች። ከግንቡ ተደግፋ ቆመች። ሠላሳ ሰከንዷን ልትጸልይ ብትል ቃሉ ከአፏ አልወጣ አለ። ይቅር በሉን ለማለት አርባ አንድ ሺህ ስም ያስፈልጋል፤ ስሞቹን አልያዘችም፤ ድምፃቸውን ነው የያዘችው። ተሳልማ ወደ ማረፊያዋ ተመለሰች።

ዓርብ ጠዋት እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል አንድ አንድ ጥያቄ ተፈቅዶለታል። ይመኙሻል ጥያቄዬ ይህ ነው ብላ አንድ ቅጂ አስገባች። አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው፤ የመንዝ ገበሬ፣ ልኩ ሃያ ሁለት፣ ከጣራ የወደቀ። ለሁለቱም ዕጩዎች ይሰማላቸው አለች።

ናኦድ ቀድሞ ገባ። ትሑት ሰው ነው። ቅጂው ሲጀምር እጆቹን ጭኑ ላይ አኑሮ አጎነበሰ፤ አሥራ ሰባቱንም ደቂቃ አንድ ጊዜ ቀና አላለም። ገበሬው ስለ በሬው ሲያወራ፣ አጽናኙ የበሬውን ስም ጠይቆ አብሮት ሲያነሣ ሲጥል፣ የናኦድ እንባ ወረደ፤ አልደበቀውም። ሲያልቅም ፊቱን ጠረገ። ከዚያ ወደ ይመኙሻል ዞሮ፣ እኔ ይህን አንድ ጊዜ ሰምቼ እንዲህ ሆንኩ፣ እርስዎ እንዴት ቻሉት አላት። ሐሳቡን ግን አልለወጠም። ሠላሳም ቢሆን ማንም ብቻውን አይሞትም፣ የሚሰማው አይጣ እንጂ አለ። ሁሉም ወደዱት። እሷም ወደደችው፤ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ከአድማጮች ቤት ውጭ እንደ እሷ የሚያዳምጥ ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

ዘምዘም ስትገባ ሻርፗን እያስተካከለች፣ አሳንሰሩ ስላመናጨቃት እየተነጫነጨች ነበር። ቅጂው ተጀመረ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ ገበሬው እግሩ እንደማይታዘዝለት ሲናገር፣ እጇን አነሣች።

«አቁሙት እስቲ። መኪናው የት ነበር?»

ሰብሳቢው ቅጂው ገና መሆኑን፣ መልስ የሚሰጠው ከተሰማ በኋላ መሆኑን በትሕትና ነገሯት።

«ሰውየው ወድቋል። ይኸው ገባኝ። የቀረውን ምን ላደርግበት ነው? በዚያ ሰዓት ቅርቡ መኪና የት ነበር?»

ማንም አያውቅም። በሰነዱ ላይ የለም። አቶ ቱሉ ስልካቸውን አውጥተው የሾፌሮቹን መዝገብ ፈለጉ፤ ጥቂት ቆይተው፣ መሐል ሜዳ ነበር፣ ሃያ አራት ደቂቃ፣ ሾፌሩ ምሳ እየበላ አሉ።

ዘምዘም ወደ ይመኙሻል ዞረች። ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ዕጩ አልነበረም አነጋገሯ፤ የታማሚ ቤተሰብ እንደምታነጋግር ነርስ ነው።

«አንች ነሽ የሰማሽው እህቴ?»

«አዎ፤ እኔ ነኝ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«ከዚያስ ምን አደረግሽ?»

«ፈረምኩ።»

ዘምዘም አልነቀፈቻትም። ራሷን ነቀነቀችና ፊቷን ወደ ኮሚቴው መለሰች። ወሰኑ ሲነሣ ሰው አይሞትም እንደማትል ተናገረች። መኪናው ያው ቁጥሩ ነው፤ ቀድሞ ለደወለው ቀድሞ ይሄዳል፤ ወደ አንዱ በሄደ ቁጥር ሌላው ይጠብቃል፤ ከሚጠብቁት የሚሞቱ ይኖራሉ፤ የኢንጂነሩ አራት ሺህ ሰው እውነት ነው። እኔ የምለው፣ አለች፣ ሰው መኪና እንደማይደርስለት ከአጽናኝ ሳይሆን ከመንገዱ ይወቅ። ይህን ብላ ወጣች። መልሱ ለማንም አልጣመም፤ አንደኛው የመንግሥት ተወካይ፣ ይህቺ ለራሷም አትሆን ብለው አጉረመረሙ።

ድምፅ ተሰጠ። ሦስቱ ለናኦድ ሆኑ። አቶ ቱሉ ለዘምዘም ሰጡ። የይመኙሻል ቀረ። አዳማጩን ሰው ትወዳለች፤ እንባውን አይታለች፤ ጥሩ ሰው ነው። ግን ጥሩ አዳማጭ ምን እንደሚያደርግ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ለዘምዘም አለች።

ስምንት ሰዓት ሆነ። አቶ ፍሥሐጽዮን ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለናኦድ አንፈርምም ካላችሁ ለዘምዘምም እኛ ስለማንፈርም ወንበሩን መዛኙ መውሰዱ ነው፣ መዛኙ ደግሞ ያለ ሰው ከሠላሳ አልፎ አርባ ይላል፣ ያን ጊዜ እህትዎ ብቻ አይደሉም አሏት። ውሸት አልነበረም። አቶ ቱሉ እንኳ አንገታቸውን ደፉ።

«ፊርማዬን ማንሣት እችላለሁ?» አለች።

«የቱን ፊርማ?»

«የአድማጭነቴን። የፈረምኩትን ሁሉ።»

ሰብሳቢው ደንቡን ያውቁታል። አድማጭ ፊርማውን በማናቸውም ጊዜ ማንሣት ይችላል፤ እስከ ዛሬ ያደረገው ሰው የለም። ያነሣ ሰው ያን ያህል ጊዜ እንደተሳሳተ ይቆጠራል፤ ከአድማጭነት ሥራውም ይሰናበታል። ይህን እያንዳንዱን ነገሯት፤ ማስፈራራታቸው አልነበረም፤ ሳታውቅ እንዳታደርገው ነው። ሃያ ሰባት ዓመትሽ ስሕተት ነበር ብለሽ በጽሑፍ ልትሰጪ ነው ወይ አሉ በመጨረሻ፣ አንቱታውን ረስተው።

«ስሕተት ነበር» አለች። «መስማቴ አይደለም። ዝም ማለቴ።»

ጠረጴዛው ላይ ላለው የመዛኙ መስታወት መታወቂያዋን አሳየች። መዛኙ አልተከራከረም። አርባ አንድ ሺህ ስድሳ ሰባት ፊርማ ይነሣ ወይ ብሎ አንድ ጊዜ ጠየቀ፤ ይነሣ አለች። የአድማጮች ስምምነት ከዘጠና ዘጠኝ ወደ ሰማንያ ሦስት ወረደ። ከዘጠና በታች ነው። የናኦድ ሰነድ እዚያው ዓይናቸው እያየ ተዘጋ፤ መዛኙ የገዛ ሠሪውን የጣለው ያለ አንዳች ማመንታት ነው። በዕጩዎቹ ሰሌዳ ላይ የቀረው የዘምዘም ስም ብቻ ሆነ፤ ለእሷ ካልተፈረመ ወንበሩ የመዛኙ ነው። ናኦድ በበሩ መስታወት በኩል፣ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ስልኩን ሲያነሣ ታየ። አጽናኙ እየደወለለት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል አምስቱ ፊርማ ተሟላ። አቶ ፍሥሐጽዮን መጨረሻ ፈረሙ። ሲፈርሙ ማንንም አላዩም። እናቴ ጋ ዛሬ እሄዳለሁ ብቻ አሉ፤ ዕለቱ ግን ዓርብ ነው።

ወሰኑ በታኅሣሥ ተነሣ። የአድማጮች ቤት ተዘጋ፤ የሚሰማ ቅጂ ቀርቷልና። ጓደኞቿ ወደ ስልክ ተቀባይነት ተዛወሩ፤ እሷ ፊርማ ያነሣች ስለሆነች ቤቷ ዋለች። አንዳንዶቹ ቅር ብሏቸው ሰላምታ ነሷት፤ የእነሱም ፊርማ አብሮ ተጠርጥሯል። በጎዳና ላይ ሰው የሚያወራው ሌላ ነው፤ መኪና ይዘገያል፣ ድሮ ለሚገባው ሰው ሃያ ደቂቃ አይፈጅም ነበር ይላል። ይመኙሻል ይህን ሁሉ ትሰማለች። ሐሰት ነው ማለት አልቻለችም።

በየካቲት እታፈራሁን ልቧ ጣላት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደወለች። ጎረቤላ የቆመው መኪና ተነሣ፤ ቁልቁለቱን ሰባ ደቂቃ ወረደ። ሾፌሩ በሩን ሲከፍት ካረፈች አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኗታል። መዛኙ ሃያ ስምንት ሲል ብዙም አልተሳሳተም። ሾፌሩ ዓይኗን ከደነ፣ መቀነቷን አስተካከለ፣ ጎረቤት ጠራ፣ ድንኳን እስኪተከል ቆሞ እንጨት አቀበለ። ይህንን ሁሉ ለይመኙሻል የነገራት በቀብሩ ማግስት ነው፤ ጌትነት ይባላል፣ ትከሻው ሰፊ ጎልማሳ። እሷም አመስግናው ስታበቃ፣ በሕይወቷ ሙሉ ማንንም ያልጠየቀችውን ጠየቀችው። መኪናው ወደ እህቴ ሲወርድ ወደ ማን ሳይሄድ ቀረ?

ጌትነት መናገር አልፈለገም። ለሐዘንተኛ የሚነገር አይደለም አላት። ስታጠብቅበት ነገራት። ስድስት ደቂቃ ዘግይታ፣ እዚያው ጎረቤላ፣ ከመኪናው ማቆሚያ ሦስት መቶ እርምጃ ላይ፣ ትርንጎ የምትባል ወላድ ደውላ ነበር። ልኳ ዘጠና አንድ። ወሰኑ ሠላሳ ሆኖ ቢሆን መኪናው የእሷ ነበር። ጎረቤት ቃሬዛ አሰናድቶ እስኪያወጣት መንገድ ላይ ወለደች፤ ደም ፈሰሳት፤ ሁለት ቀን ሞተች ዳነች ተባለ። በሦስተኛው ነቃች።

የእታፈራሁ ሠልስት ወጣ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይመኙሻል ቅቤና የገብስ ዱቄት ይዛ ጎረቤላ ወጣች። የትርንጎን ቤት ጠይቃ አገኘች። ጥቁር ለብሶ አራስ ቤት አይገባም፤ ደጁ ላይ ስትደርስ ጥቁር ነጠላዋን አጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችና ነጩን ጣል አደረገች።

ውስጥ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። ትርንጎ መደቡ ላይ ነች፤ ፊቷ ገና ደም አልተመለሰበትም፤ ሕፃኗ ጡት ይዛለች። ይመኙሻል እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላ ዘንቢሉን አኖረች። የትርንጎ እናት ቅቤውን እየተቀበሉ አተኩረው አዩአት።

«ልጄ፣ ከማን ቤት ነሽ? አላወቅሁሽም።»

የሩቅ ዘመድ ነኝ ብትል ያልፍላት ነበር።

«መኪናው ወርዶ የሄደላት ሴትዮ እህት ነኝ» አለች።

 አንዷ ጎረቤት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ትርንጎ ከመደቡ ላይ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ደረሰላት?»

«አልደረሰላትም።»

 ትርንጎ ዓይኗን ወደ ሕፃኗ መለሰች። ይመኙሻል ለመቀመጥም ለመውጣትም ሳትወስን ቆማ ሳለ፣ አሮጊቷ ቅቤውን ከዘንቢሉ ሲያወጡ ከሥር ጥቁሩን ነጠላ አዩት። ሳብ አድርገው አወጡት፤ ዘረጉት፤ ጎረቤቶቹ ኧረ እማማ፣ አራስ ቤት ነው ሲሉ አልሰሟቸውም። አምጥተው በትከሻዋ ላይ፣ በነጩ ላይ ደረቡላት።

«እግዜር ያጥናሽ» አሏት። «አራሷም የምታርፈው፣ ሐዘንተኛዋም የምትቀመጠው እዚሁ ነው። ሌላ ቤት የለኝም።»

ይመኙሻል መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትርንጎ ሕፃኗን ከጡቷ አላቀቀች፤ እጇን ዘርግታ፣ በጥቁሩ ነጠላ ላይ አስተኛቻት።